ነፋስ የላላ ዕለት



ባለፈው ወር እዚህ ግልገል በለስ ከክፍል ስወጣ አንድ ተማሪ ተከትሎኝ መጣና የእጅ ስልኩን ዘርግቶ አንድ ተንቀሳቃሽ ምስል አሳየኝ። አንድ ሰው በረዥም ገበታ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ሸራ በእጁ ይዞ፣ ሊረጋ ጥቂት በቀረው ውሃ ላይ ቀስ እያለ ይንሸራተታል። ሞተር የለውም፣ አይቀዝፍምም። ተማሪው «ኡስታዝ፣ ይህ በእኛው በንጋት ሐይቅ ላይ አይሠራም?» ሲል ጠየቀኝ። ከኋላው የቆሙት ጓደኞቹ ሳቁበት። አንደኛው «ለፈረንጅ የተፈጠረ ነገር ነው!» አለው። ልጁም አፍሮ ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ።

ጥያቄው ግን የሚያሳፍር አልነበረም። የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ ሐይቅ በመተከል ምድር ላይ ተኝቷል። ትናንት የወንዝ ዳር ልጅ የነበረው ወጣታችን ዛሬ የሐይቅ ዳር ልጅ ሆኗል። ውሃን ሳያውቅ ከውሃ ጋር መኖር ደግሞ አደጋ ነው። ስለዚህ በዚህ ወር ዓምዳችን የዚያን ልጅ ጥያቄ እመልሳለሁ። ጥያቄው ያስታወሰኝን፣ ሰባት ዓመት አልፎትም ከልቤ ያልወጣ አንድ ነገርም አብሬ አጫውታችኋለሁ።

ባለ ሸራው ገበታ

ይህ ጨዋታ ዊንድሰርፊንግ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1968 ሆይል ሽዋይትዘርና ጂም ድሬክ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የፈጠራ መብት ጠየቁበት፤ በ1984 ደግሞ በሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ለውድድር ቀረበ። ነገሩ በእንግሊዝ ፍርድ ቤት ክርክር ሲነሳበት ግን ያልተጠበቀ ታሪክ ወጣ። ፒተር ቺልቨርስ የተባለ የ12 ዓመት ልጅ እ.ኤ.አ. በ1958፣ ማለትም ከሁለቱ ሰዎች አሥር ዓመት ቀድሞ፣ በቤቱ በሠራው ገበታ ላይ ሸራ ተክሎ በባሕር ዳር ሲጫወት ነበር። ፍርድ ቤቱም ይህንን ተቀብሎ የኩባንያውን የመብት ጥያቄ ውድቅ አደረገ። እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ በጓሮ የሚሠራን ነገር አትናቁ!

አሠራሩ እንዲህ ነው። ገበታው ረዥም ነው፤ የመጀመሪያዎቹ 3 ሜትር ከ65 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበሩ። ምሰሶው ከገበታው ጋር የሚያያዘው እንደ ትከሻ መጋጠሚያ ወደ ሁሉም አቅጣጫ በሚታጠፍ ማያያዣ ነው። ከገበታው ሆድ ሥር ቁልቁል ወደ ውሃው የሚገባ ክንፍ አለ። ነፋሱ ሸራውን ሲመታ ገበታውን ወደ ጎን ሊገፋው ይሞክራል፤ ክንፉ ግን ውሃውን ተደግፎ ወደ ጎን መንሸራተቱን ይከለክለዋል። ስለዚህ ገበታው ወደ ፊት ይሄዳል። መሪ የለውም። ሰውየው ሸራውን ወደ ፊት ሲያዘነብል አፍንጫው ከነፋሱ ይሸሻል፤ ወደ ኋላ ሲያዘነብል ወደ ነፋሱ ይዞራል።

አጫጭር ገበታዎችም አሉ። እነርሱ ኃይለኛ ነፋስ ሲያገኙ በውሃው ፊት ላይ እየነጠሩ ይበርራሉ፤ ነፋሱ ሲላላ ግን ሰውየውን ይዘው መስጠም ይጀምራሉ። ረዥሙና ሰፊው ገበታ ነፋስ ባይኖርም ሰውን ይሸከማል። ፊት ላይ ብቻ በሚሰማና የዛፍ ቅጠል በሚያንሾካሹክ፣ በሰዓት ከ6 እስከ 11 ኪሎ ሜትር በሚነፍስ አየር እንኳን ውሃውን እየሰነጠቀ ይጓዛል። ጀማሪ ይማርበታል፣ አዋቂ ይወዳደርበታል፣ አባት ልጁን ከፊቱ አስቀምጦ ይሄድበታል፤ ነፋሱ ጭራሽ ሲቆም ሸራው ተጠቅልሎ በመቅዘፊያ ይመለሳል። ለዚህም ነው ለብዙ ሥራ የሚሆን ገበታ የሚባለው።

ነፋስ ሲላላ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚጠየቀው ትዕግሥት ነው። የሚወራጭ ሰው ገበታውን ያናውጣል፣ ሸራው የያዘውን ጥቂት ነፋስም ያፈስሰዋል። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አሽ-ሹራ (32-33) በባሕር ላይ የሚፈስሱት መርከቦች ከተአምራቱ መሆናቸውን፣ ቢሻ ነፋሱን አርግቶ በባሕሩ ጀርባ ላይ ቀጥ አድርጎ እንደሚያቆማቸው፣ በዚህም ውስጥ ታጋሽና አመስጋኝ ለሆነ ሁሉ ምልክት እንዳለበት ይነግረናል። ነፋስ የላላበት ሰው ይህን አንቀጽ በገላው ያውቀዋል።

ለእኛ እንግዳ ነገር ነውን?

«ለፈረንጅ የተፈጠረ ነው» ላለው ተማሪ አንድ ታሪክ ላስታውሰው። ሰሐቦች ወደ ሐበሻ በተሰደዱበት ዘመን በነጃሺ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ ጦርነት ሆነ። ሰሐቦቹም የነጃሺ ነገር አሳሰባቸው። በጦርነቱ ቦታና በእነርሱ መካከል ግን ወንዝ ነበረ፤ የታሪኩ ዘጋቢ እናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ኒል ብለው የጠሩት ነው። ተሻግሮ ወሬ ለማምጣት በዕድሜ ከመካከላቸው ለጋ የነበሩት ዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረ.ዐ.) ተነሡ። የውሃ ስልቻ ተነፋላቸው፤ ከደረታቸው ሥር አድርገውት እየዋኙ ተሻገሩ፣ የነጃሺንም ድል አድራጊነት ብሥራት ይዘው ተመለሱ። በዚህች ምድር ወንዝ ላይ በተንሳፋፊ ነገር መሻገርን የእስልምና ታሪካችን ገና ከመነሻው ያውቀዋል ማለት ነው።

ሁለተኛው ምስክር የጣና ታንኳ ነው። ታንኳ ከደንገል የሚሠራ፣ በልጥ የሚታሰር፣ ረዥምና አፍንጫው ወደ ላይ የቀና ተንሳፋፊ ነው። ሰው ያሻግራል፣ ዓሣ ያስግራል፣ እንጨትና እህል ይጭናል። እኔ ራሴን ብትጠይቁኝ፣ ለብዙ ሥራ የሚሆነው ረዥሙ ገበታችን እርሱ ነው እላለሁ። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 የደንገል ጀልባ ውቅያኖስ መሻገር ይችል እንደሆነ ሊፈትን ሲነሣ ደንገሉን ያስጫነው ከጣና ነበር። «ራ» የተባለችው ጀልባ በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ ተሠርታ ከሞሮኮ ተነሣች፤ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛም መድረሻዋ ላይ ሳትደርስ ተተወች። ከሠሯትም ከተጓዙባትም አንዱ ከቻድ የመጣው ሙስሊሙ አብደላ ጂብሪን ነበር። በተከታዩ ዓመት ሁለተኛዋ «ራ» በ57 ቀን አትላንቲክን አቋርጣ ባርቤዶስ ገባች።

ይህን ታንኳ በጣና ዳር ሲሠሩና ሲቀዝፉ የኖሩት ከሁሉም ይልቅ ነገደ ወይጦዎች ናቸው። እነርሱም ሙስሊም ወንድሞቻችን ናቸው። የቀድሞ ቋንቋቸው ጠፍቶ ዛሬ አማርኛ ይናገራሉ። አባቶቻቸው ጉማሬ አዳኞች ስለነበሩ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ለብዙ ዘመን አብሯቸው ከመብላት ሲርቅ ኖሯል። የማጫውታችሁም ከዚህ ይነሣል።

በጣና ላይ

ጥር 2010 ዓ.ም. የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ነበር። የእህቴን ልጅ ይዤ በቻግኒና በእንጅባራ አድርገን ባሕር ዳር ገባን። የያኔው የ9ኛ ክፍል ተማሪ «አጎቴ፣ ታንኳ ሳልሳፈር አልመለስም» ብሎ ስለነበር ወደ ሐይቁ ዳር ወሰድኩት። እዚያም አንድ አዛውንት ከልጅ ልጃቸው ጋር ሆነው የረጠበ ታንኳ ፀሐይ ላይ ሲያቆሙ አገኘናቸው። ደንገል ውሃ ይጠጣልና ከሥራ በኋላ ካልደረቀ ዕድሜው ያጥራል።

ሰላምታ ተለዋውጠን ፍላጎታችንን ስነግራቸው መጀመሪያ ያነሡት ስለ ገንዘብ አልነበረም።

«ዋና ትችላላችሁ?» አሉን።

«እኔ በለስ ወንዝ ውስጥ ስንቦራጨቅ ያደግሁ ነኝ፣ ጥቂት እችላለሁ። እርሱ ግን አይችልም፣ አባባ።»

«እንግዲያው ከደረቱ ከሚያልፍ ውሃ አልወስደውም» አሉና የእህቴን ልጅ በራሳቸው ታንኳ ላይ ከፊታቸው አስቀመጡት። እኔን ለልጅ ልጃቸው ሰጡኝ። ልጁ 12 ዓመት ቢሆነው ነው። ቢስሚላህ ብዬ ስወጣ ታንኳው ወደ ግራ አዘነበለ፤ ደንግጬ ወደ ቀኝ ስጣደፍ ወደ ቀኝ አዘነበለ። ልጁ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «ኡስታዝ፣ መሐል ላይ ይቀመጡና ዝም ይበሉ። እርስዎ ዝም ሲሉ እርሱም ዝም ይላል» አለኝ። ሃያ ዓመት የተማርኩ ሰው ከአንድ ሕፃን ትምህርት ተቀበልኩ።

ጣና ጠዋት ረግቶ ይውልና ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣበታል። ያን ዕለት ግን የተነሣው ነፋስ የላላ ነበር፤ ፊቴ ላይ ይሰማኛል፣ ውሃውን ግን አያናውጠውም። ፊታችንን ወደ ዳር ስንመልስ ከኋላችን ይመጣ ነበር። ያን ጊዜ ተሸፋፍኜበት የነበረውን ጋቢ ልጁ ተቀበለኝና ሁለቱን ጫፎች በእጄ፣ ሁለቱን በእግሬ እንድይዝ አሳየኝ። ጋቢው ትንሽ ነፋ አለ። ታንኳው መሄዱን ያወቅሁት ዳር ያለው ዛፍ ቀስ በቀስ ሲቀርበን ነው። አፍንጫው ግን ወደ ጎን መዞር ጀመረ። ልጁ ምንም ሳይቸኩል መቅዘፊያውን ከኋላ ወደ ውሃው ሰደደና ቀጥ አድርጎ ያዘው። ታንኳው ተመለሰ። ከገበታው ሆድ ሥር ያለ ክንፍ ውሃን ተደግፎ እንዴት እንደሚያቀና ከዓመታት በኋላ ሳነብ በቀላሉ የገባኝ የዚያን ልጅ መቅዘፊያ ዐይቼ ስለነበር ነው።

በዚያ ጸጥታ መካከል ልጁ «ኡስታዝ፣ እርስዎ ቁርኣን ያስቀራሉ?» ሲል ጠየቀኝ።

«አዎ፣ አልሐምዱሊላህ። አንተስ ትቀራለህ?»

«እስከ ሱረቱ ቁረይሽ ደርሼ ነበር። ከዚያ ተውኩት።»

«ለምን ተውከው?»

መቅዘፊያውን አስተካከለ። «አጠገቤ የሚቀመጥ ጠፋ» አለኝ።

የምመልስለት አጣሁ። ነፋሱም ላልቷል፣ ፈጥኖ ዳር የሚያደርሰኝ የለም። ጋቢዬን ይዤ ዝም አልኩ።

አንድ ሲኒ ቡና

ዳር ስንደርስ ዐሥር ደርሶ ነበር። ውዱእ አድርገን አዛውንቱን አስቀድመን ዐሥርን ሰገድን። ልጁ በስተቀኜ፣ የእህቴ ልጅ በስተግራዬ ትከሻ ለትከሻ ቆምን። ከሰላት በኋላ የአዛውንቱ ባለቤት ቡና አፍልተው «ኑ ልጆቼ» አሉን።

ውድ አንባቢያን፣ እውነቱን ልናገር። ሲኒው ሲሰጠኝ እጄ ለአፍታ ቆመ። ልቤ ክፉ አላሰበም ልል እችላለሁ፤ እጄ ግን በልጅነቱ የሰማውን ወሬ አስታወሰ። «ከእነርሱ ቤት አይበላም፣ አይጠጣም» ሲባል ሰምቼ አድጌአለሁ። መድረሳ ተምሬአለሁ፣ ኮሌጅ ተምሬአለሁ፣ «ሙእሚኖች ወንድማማቾች ናቸው» እያልኩ ሌላውን አስተምሬአለሁ። አሁን ግን ከእነዚሁ ሰዎች ጋር በአንድ ሰፍ ሰግጄ ተነሥቼ፣ ሲኒ ላይ አመነታሁ! ወዲያው ተቀብዬ ጠጣሁት። ቡናው መልካም ነበር። ነገር ግን ልጁ ዐይቶኛል። ምንም አላለም፤ ዐይኑን ወደ ሐይቁ አዞረ። የእህቴም ልጅ ዐይቶኛል። በመመለሻው መንገድ «አጎቴ፣ ለምን ቆየህ?» ብሎ ጠየቀኝ። ማስተማር ሥራዬ ሆኖ ሳለ መልስ አልነበረኝም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ኩራት ማለት ሐቅን አለመቀበልና ሰዎችን መናቅ እንደሆነ አስተምረውናል። እኔ ኩራትን በሀብታሞችና በባለሥልጣናት ላይ ስፈልገው የኖርኩ ሰው ነኝ፤ በአንድ ሲኒ ላይ በእጄ ጣቶች መካከል አገኘሁት። ኃይለኛ ነፋስ ሲነፍስ ሁሉም ሰው ጎበዝ መስሎ ይሮጣል፤ የሰው ሚዛን የሚታየው እንዲህ ባለው ትንሽ ነገር ላይ ነው።

ከመለያየታችን በፊት ከልጁ ጋር ሣር ላይ ተቀምጠን ሱረቱል ፊልን ሦስት ጊዜ አብረን ቀራን። ይህን አደረግሁ። ያላደረግሁትን ግን እናገራለሁ፤ ወደሚማርበት መድረሳ ሄጄ «ይህ ልጅ ለምን ብቻውን ተቀመጠ?» ብዬ አልጠየቅሁም። «የእንግዳ ሥራ አይደለም» ብዬ ራሴን አታለልኩ። እስከ ዛሬም ይቆጨኛል።

ግልገል በለስ ስመለስ መጀመሪያ ያደረግሁት የራሴን የቁርኣን ተማሪዎች አቀማመጥ ማየት ነበር። ለሦስት ዓመት በፊቴ ሲቀመጡ የኖሩ ልጆች ናቸው። ከምንጣፉ ጫፍ፣ ከሌሎቹ አንድ ክንድ ርቆ የሚቀመጥ አንድ ልጅ እንዳለ ያን ቀን አየሁ። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ተማሪዎቼ በየሳምንቱ ቦታ ይቀያየራሉ። ትልቅ ሥራ አይደለም። ነገር ግን በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. በመተከል የደረሰብንን ሁሉ ያየ ሰው፣ «እነዚያ» እና «እኛ» የሚለው ወሬ ሲያድር ምን እንደሚወልድ ያውቃል። ጉሙዙ፣ ሺናሻው፣ አገው፣ አማራው፣ ኦሮሞው በአንድ ገበያ በሚውልበት አገር የምንጣፍ ጫፍ ትንሽ ነገር አይደለም።

ለጠያቂው ተማሪና ለወላጆች

እንግዲህ ወደ ጥያቄው ልመለስ። ባለ ሸራው ገበታ በንጋት ሐይቅ ላይ ይሠራልን? ውሃና ነፋስ ባለበት ሁሉ ይሠራል። ግን የሚከተሉትን ልብ በሉ።

1ኛ. ከገበታ በፊት ዋና ይቅደም። ኢማም አን-ነሳኢ በዘገቡት ሐዲስ ዋና መማር ከከንቱ ጨዋታ ከማይቆጠሩት ነገሮች አንዱ ሆኖ ተጠቅሷል። ዋና የማይችል ከደረቱ በታች ካለ ውሃ አይለፍ፤ የሚችልም ቢሆን ያለ መንሳፈፊያ ጃኬትና ያለ ጓደኛ አይግባ።

2ኛ. የነፋሱን አቅጣጫ እወቁ። ከሐይቁ ወደ ዳር የሚነፍስ ነፋስ ወደ ቤት ይመልሳል። ከዳር ወደ ሐይቁ የሚነፍሰው ግን፣ የላላ ቢሆን እንኳን፣ ሳይታወቅ ወደ መሐል ይወስዳል። ጀማሪ በዚህኛው ነፋስ ፈጽሞ አይውጣ።

3ኛ. ጤናን ጠብቁ። ሣር በበዛበት፣ በረጋና ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ይኖራሉ። በዚያ ዓይነት ቦታ አትቆዩ፤ በሽንት ወይም በሰገራ ደም የታየበት ልጅ በቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

4ኛ. ሥርዓታችን ከእኛ ጋር ይሁን። ወንዶች ልጆች ከእምብርት እስከ ጉልበት በሚሸፍን ልብስ ይግቡ። ሴቶች ልጆቻችንም ዋና የመማር መብት አላቸውና እናቶችና እህቶች ከሰው ዐይን ራቅ ባለ ቦታ ያስተምሯቸው። ሰላት የሚያሳልፍ ጨዋታ ደግሞ በረከት የለውም።

5ኛ. ከሚያውቀው ሰው ተማሩ። የውጭውን ገበታ ለመግዛት አቅም ላይኖረን ይችላል፤ ቺልቨርስም ገዝቶ አልጀመረም። በሐይቅ ዳር የኖሩ አዛውንቶች ጋ ሄዳችሁ ቁጭ በሉ። የእነርሱ ጥበብ ዛሬ አደጋ ላይ ነው፤ የደንገሉ መሬት እየታረሰና እየተሸነሸነ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ደግሞ እንቦጭ ጣናን አስቸግሯል። ስትሄዱም ቡና ከቀረበላችሁ እጃችሁ አይቁም።

በመጨረሻም አንድ ነገር ልበል። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የጣና ውሃ በጣና በለስ የኃይል ማመንጫ ዋሻ በኩል ተራራውን አቋርጦ ወደ በለስ ይወርዳል፣ በለስም ከዓባይ ተገናኝቶ ንጋት ሐይቅ ይገባል። ያ ልጅ መቅዘፊያውን የሰደደበት ውሃ በእኛ ደጅ ያልፋል ማለት ነው። እርሱ ዛሬ የሃያ ዓመት ወጣት ሆኗል። ሱረቱል ፊልን አልፎ ምን ድረስ እንደደረሰ አላህ ያውቃል። ይህች መጽሔት በእጁ ከገባች፣ ያን ዕለት ሲኒውን ይዤ የቆምኩት እኔ ነኝና አውፍ ይበለኝ።

አላህ (ሱ.ወ.) ልባችንን ከንቀት ያጽዳልን፤ ልጆቻችንን ከውሃ አደጋ ይጠብቅልን። ኣሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።